ማስኩን ተዉትና መለኪያውን ግዙ

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ሳይት ላይ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ ግን ለነገ ሳታሳድሩ ዛሬውኑ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። አሁን የሳይት መሐንዲስ ሆኗል። “ቲቸር እንዴት ነዎት? የሞላ ሴፕቲክ ታንክ ልናስጠርግ ነው። መኪናው የሚችለውን መጥጦ ይሄዳል፣ ከሥር የጠጠረው ግን አይመጣለትም። እሱን አራት የቀን ሠራተኞች ወርደው በአካፋና በባልዲ ያወጡታል። ማስክ ግዛ ተብያለሁ። የትኛው ይሻላል? ኤን 95 ይበቃል?”

መጠየቁ በራሱ ደስ ብሎኛል፤ ሳይጠይቁ የሚያወርዱት ናቸው የሚበዙት። መልሴ አጭር ነበር፦ የትኛውም ማስክ አይበቃም፣ የጋዝ መለኪያ ሳታገኝ ሰው እንዳታወርድ። “እሱ እኮ በጀት ውስጥ የለም ቲቸር” አለኝ። በቃ፣ ይቺ “በጀት ውስጥ የለም” የምትለው ነገር ናት ዛሬ ያስጻፈችኝ።

መጀመሪያ የማስኩን ነገር እንጨርስ። ኤን 95 የሚያጣራው ብናኝ ነው። ለሲሚንቶ፣ ለዱቄት፣ ለድንጋይ ብናኝ በትክክል ፊት ላይ ከገጠመ ጥሩ ነገር ነው፤ ወፍጮ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ጋዝን ግን አይዝም። አየሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጋዙንም ያሳልፋል። በሁለት ጎኑ ክብ ማጣሪያ የተገጠመለት ወፍራሙ ማስክስ? እሱ እንደ ማጣሪያው ዓይነት አንዳንድ ጋዞችን ሊይዝ ይችላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሌለውን ኦክሲጅን ግን ከየትም አያመጣም። እርጥብ ፎጣ አፍ ላይ ማሰርማ ራስን ማጽናናት ነው።

ስለ ወተትም ልናገርና ልጣላችሁ። አገራችን ውስጥ ቀለም ለሚቀባው፣ ኬሚካል ለሚነካው፣ አቧራ ለሚውጠው ሠራተኛ ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። የኅብረት ስምምነት ላይ ሁሉ የገባበት ቦታ አለ። እኔ ወተት አልጠላም፣ ለደሃ ሠራተኛ ግማሽ ሊትር ወተት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ ምግብ ይሰጠው። እንደ መድኃኒት ግን አትስጡት። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ፣ ጋዙ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው፤ መንገድ ላይ እንኳ አይገናኙም። የሚያናድደኝ ደግሞ አሠሪው የወተቱን ፊርማ ሰብስቦ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ብሎ መተኛቱ ነው።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንውረድ። በወሬ ማለቴ ነው።

ጋዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወይ ነጭ ጋዝ ነው ወይ የማብሰያው ሲሊንደር። ሴፕቲክ ታንክ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ማንሆል ውስጥ ያለው ማንም ያላስገባው፣ እዚያው የተፈጠረ ነው። ዝቃጩን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ኦክሲጅኑን ይጨርሳሉ። ከዚያ ሚቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ። ሚቴን ከአየር ይቀላል፣ የቀሩት ሁለቱ ከአየር ይከብዳሉና ከታች ይተኛሉ። አካፋ ይዞ የቆመው ሰው እግሩ ያለበት ቦታ ማለት ነው፤ ሲያጎነብስ ደግሞ አፍንጫው።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የገማ እንቁላል ሽታ ያለው ነው። አፍንጫችን በጣም ትንሹን መጠን ይለያል፤ ከሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ። (ይህን “ከሚሊዮን እጅ” የሚለውን ከዚህ በኋላ ፒፒኤም እያልኩ ልቀጥል።) ስለዚህ ቆፋሪውም ጠራጊውም “ከሸተተኝ እወጣለሁ” ይላል። ምክንያታዊ ይመስላል። ግን ጋዙ 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ነርቩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል። ሰውየው ሽታው ጠፋለት፤ ጋዙ ግን አልጠፋም። “አሁንስ ለመድኩት፣ ቀለለኝ” ብሎ ከላይ ላሉት ይነግራቸዋል። ከ500 ፒፒኤም በላይ ሲሆን ራሱን ይስታል፤ 1000 አካባቢ ደግሞ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ በአጭሩ ናዮሽ የሚባለው፣ ለሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ 10 ፒፒኤም ነው። በ10 እና በ100 መካከል ያለውን ልዩነት የትኛውም አፍንጫ አይነግራችሁም።

አፍንጫን ሙሉ በሙሉ መናቄ ግን አይደለም። ክሎሪንና አሞንያ ሰውን ሳያስጠነቅቁ አይገቡም፤ ዓይን ያቃጥላሉ፣ ጉሮሮ ይይዛሉ፣ ያስሮጣሉ። አረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶቼ፣ እግረ መንገዴን ለእናንተም፦ በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር በአንድ ባልዲ አትቀላቅሉ። መታጠቢያ ቤቱን ቶሎ የሚያነጣ ይመስላል እንጂ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ካቃጠላችሁ በሩን ከፍታችሁ ውጡ፤ ማዳም ትቆጣለች ብላችሁ አትቆዩ።

የኦክሲጅን እጥረት ደግሞ ሽታም ሕመምም የለውም። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክሲጅን ነው። 19.5 ሲወርድ መለኪያው ይጮኻል። ከ10 በታች ሲሆን ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ሳይታወቀው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሰውነታችን “ታፈንኩ” የሚለው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀምበት እንጂ ኦክሲጅን ሲያንሰው አይደለም። ይህ ደግሞ ፍሳሽ ባለበት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ የብረት ታንከር ዝገቱ ራሱ ኦክሲጅኑን ይበላዋል። ሐረርጌ ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ እህሉ ራሱ ይተነፍሳል። የቢራ ፋብሪካ መጥመቂያ ጋን ውስጥ እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥሩን ይሞላዋል።

አባቶቻችን ይህን ነገር በሌላ ስም ያውቁታል። “ጉድጓዱ ጋኔን አለበት” ይባላል። ሻማ ወይም ኩራዝ በገመድ አውርዶ መፈተንም አለ፤ ከጠፋ አይወረድም። ብልሃቱን አከብራለሁ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የተገኘ እውቀት ነው። ነገር ግን ሻማ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ 16 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ሰው ከዚያ በፊት ማስተዋሉ ይዛባል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይግደል አይግደል ሻማው አያውቅም። ሚቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ከሆነ ደግሞ ሻማው ራሱ ፈንጂ ማቀጣጠያ ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ሻማ አታውርዱ። ሲጋራ ይዛችሁም አፉ ላይ አትቁሙ።

የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በጎጆ ይዘው ይወርዱ እንደነበር ክፍል ውስጥ ነግሬያችኋለሁ። ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ሳይንቲስት ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያመጣው። ወፏ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ ከሰውየው በፊት ትንገዳገዳለች። እ.ኤ.አ. በ1986 መጨረሻ ነው የመጨረሻዎቹ ወፎች በኤሌክትሮኒክ መለኪያ እንደሚተኩ የተነገረው። እኛ ጋ የሆነው ምንድን ነው? ወፏንም አልያዝን፣ መለኪያውንም አልገዛን። መጀመሪያ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የወፏን ሥራ እየሠራ ነው።

በዚህ ላይ የሁለተኛው ሰው ጉዳይ አለ። አንዱ ሲወድቅ ከላይ ያለው ያያል። ወንድሙ ሊሆን ይችላል፣ የአገሩ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ አብሮት የተከራየ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ጓደኛው ወድቆ እያየ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ቢኖርም ዕድሜ ልኩን ይሰደብበታል። ዘሎ ይገባል። ሦስተኛውም ይከተላል። ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ባሉ የተዘጉ ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ሰዎች እንደሆኑ ጽፏል። ስለዚህ ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። “አትግባ” ብሎ ማስተማር ደግሞ ብቻውን አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። ሠልጣኞቼ ፊቴ ላይ አዎ ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን “እኔስ ወንድሜ ከሆነ?” ይላል። የሚሠራው ሰውየው ከመውረዱ በፊት መታጠቂያ አስሮ፣ ገመዱ ከላይ ማንሻ ላይ ተያይዞ መውረዱ ነው። ያኔ ከላይ ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር አለው፤ ሳይገባ ይጎትታል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ እየጎተታችሁ 939 ደውሉ።

እሺ፣ መለኪያው ምንድን ነው? ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ደረት ላይ የሚሰካ መሣሪያ ነው። የተለመደው አራት ነገር ይለካል፦ ኦክሲጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሲያልፍ ይጮኻል፣ ያበራል፣ ይንቀጠቀጣል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይገባዋል። ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ በገመድ ወይም በቱቦ ይወርዳል፦ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከሥር። በየቦታው ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋልና አትቸኩሉበት። መጀመሪያ የሚታየው የኦክሲጅን ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም የተለመደው የተቀጣጣይ ጋዝ ሴንሰር ራሱ ለመሥራት ኦክሲጅን ይፈልጋል፣ ኦክሲጅን ከሌለ ዜሮ እያለ ይዋሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልኝ፦ አንዴ ለክቶ መሣሪያውን ወደ መኪና መመለስ ምንም ማለት አይደለም። ዝቃጭ ውስጥ ጋዝ ታምቆ ይቀመጣል፣ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ። ጠዋት ከላይ ስትለኩት ንጹሕ ነው። ሰውየው ገብቶ በአካፋ መታ ሲያደርገው ጠርሙሱ ተከፈተ። መለኪያው ሥራው እስኪያልቅ ከሰውየው ደረት መውረድ የለበትም። ውኃ ጉድጓድ የምትቆፍሩም እንደዚሁ፦ ንጹሕ የነበረው ጉድጓድ ውኃ ሲያፈልቅባችሁ የቤንዚን ፓምፑን ወደ ውስጥ ካወረዳችሁት፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እናንተው ሞላችሁት። ፓምፑ ከላይ ይሁን፣ ካልደረሰ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይፈለግ።

ወደ ብሩ ልምጣ። የዚህ መሣሪያ ዋጋ እንደ ብራንዱ ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምራል። በብር ሲመታ ትንሽ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክት ማናጀሩ ስልክ አይበልጥም። እኔ የደረስኩበት ሐሳብ ይኼ ነው፦ መለኪያው የማይገዛው ውድ ስለሆነ አይደለም፤ በጨረታ ሰነዱ ላይ የራሱ መስመር ስለሌለው ነው። “ሴፍቲ” የምትል አንዲት ቃል በጥቅል ትገባለች። የደህንነቱን ወጪ አስቦ ዋጋ የሰጠ ተጫራች ይወድቃል፣ ያላሰበው ያሸንፋል። ያሸነፈው ደግሞ በማስክና በጓንት “ሴፍቲ”ን ያወራርዳል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታው ለሠራተኛው ጤና አደጋ እንዳይሆን እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋው እንዲያስረዳ፣ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ሕጉ አለ። ብር የሚከፈለው ግን በሕጉ ሳይሆን በሥራ ዝርዝሩ ነው። ስሚንቶ በኩንታል፣ ብረት በኪሎ እንደሚጻፈው “የጋዝ ልኬት” በቀን ታሪፍ ይጻፍ። ያን ጊዜ ሁሉም ተጫራች እኩል ይጫወታል።

መግዛቱ ብቻም አያድንም። አንድ ድርጅት ስቶር ውስጥ ላስቲኩ ያልተላጠ መለኪያ በዓይኔ አይቻለሁ። “ለምን አይወጣም?” ስል ስቶር ኪፐሩ “ውድ ዕቃ ነው፣ በስሜ ነው የተመዘገበው፤ ቢጠፋ ከደመወዜ ነው” አለኝ። ሰውየውን አልፈርድበትም። ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ሠራተኛ ቢሞት “በድንገተኛ አደጋ” ተብሎ ይጻፋል፣ ተጠያቂ የለውም። እሱም በሚጠየቅበት በኩል ተጠነቀቀ። መለኪያው ላይ ያለውን ቀን ሳየው ሴንሰሮቹ ጊዜያቸው አልፏል። ሴንሰር ተጠቀማችሁበትም አልተጠቀማችሁበትም ያረጃል፣ አብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው ዕድሜው። በየጊዜው ካሊብሬት ይደረጋል፤ ከመውረድ በፊት ደግሞ የታወቀ ጋዝ ካለበት ትንሽ ሲሊንደር ነፋ አድርጎ መጮሁን ማየት ነው። የማይጮኽ መለኪያ ከሌለ መለኪያ ይብሳል፤ ሰውየውን በልበ ሙሉነት ይከተዋል።

“ትንንሾቹ ማኅበራት ከየት ያምጡ?” የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አምስት ሆነው ለተደራጁ ልጆች አንድ መለኪያ ከባድ ነው። ግን ኮንክሪት ማደባለቂያ ማን ይገዛል? ይከራያል። ቫይብሬተርም ይከራያል። መለኪያውን በቀን የሚያከራይ፣ ካሊብሬሽኑን የሚጠብቅ ሰው በየከተማው ቢኖር ሥራ ነው፣ ያበላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ላብራቶሪያቸው ውስጥ አንድ ሁለት ቢይዙ ለማስተማሪያም ለኪራይም ይሆናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጭራሽ ሰው አለማውረድ የሚቻልበትን ማሰብ። የጠጠረውን ዝቃጭ ከላይ በውኃ ግፊት እያላሉ ደጋግሞ ማስመጠጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። መኪና ሁለቴ መጥራት ስለሚያስወጣ ነው ሰው የሚወርደው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሠራተኞቹ ከራሳቸው የተማርኩት አለ። መለኪያው ጮኾ “ውጡ” ሲባሉ የማይወጡ አሉ። ደፋር ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ከወጡ የዚያ ቀን ብር የለም። ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው መለኪያውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ድምፁን አፍኖ ይሠራል። ስለዚህ መለኪያው ሥራ ሲያስቆም የቀን ክፍያው እንደማይቆም ቀድሞ ካልተነገረ፣ መሣሪያውን የሚሸሹት ልናድናቸው የፈለግናቸው ሰዎች ናቸው።

የጥበቃ ሠራተኞችን ሳልረሳ። ክረምት ሲገባ ሁለት በሁለት በሆነች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው፣ በሩን ዘግተው የሚያድሩ ስንት አሉ? ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ አለመንቃት። ለዚህ አራት ጋዝ የሚለካው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በጣም ርካሽ ነው። ከውጭ የምትመጡ ወዳጆቼ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ሽቶና ቸኮሌት ከምትሞሉት ሁለት ሦስት አላርም ጣል አድርጉበት። የግቢያችሁ ጥበቃ ቤት ላይ ስቀሉት። ከሁሉ በፊት ግን ጋሼን ወፍራም ብርድ ልብስና ካፖርት ስጧቸው፣ ከሰሉም ውጭ ይንደድ።

ውል የምታዘጋጁ፣ የጨረታ ሰነድ የምትጽፉ ልጆቼ፣ ይህን ቅዱት፤ ለእናንተ በሚመች ቋንቋ አስተካክሉት፦

“ማንኛውም ሰው ወደ ጉድጓድ፣ ታንክ ወይም ማንሆል ከመግባቱ በፊት እና ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ ኦክሲጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ የካሊብሬሽን ጊዜው ባላለፈበት መሣሪያ ይለካል። ውጤቱ ከነሰዓቱ ተጽፎ ከመግቢያው አጠገብ ይለጠፋል። የሚገባው ሰው መታጠቂያና ከውጭ የሚጎተት ገመድ ይኖረዋል፤ ከላይም ቢያንስ አንድ ሰው ሳይለይ ይቆማል። በልኬቱ ምክንያት ሥራ ሲቆም የሠራተኛው የቀን ክፍያ አይቀነስም። ለልኬቱ የሚከፈለው ዋጋ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ለብቻው ይሞላል።”

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ ወዳጆቼ ክፍተት ካያችሁበት ኮሜንት ላይ አርሙልኝ። ስቶራችሁ ውስጥ መለኪያ ያላችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት አውጡትና የሴንሰሩን ቀን እዩ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ የሚሠራ መለኪያ ኖሯችሁ ለማከራየት ወይም ለማዋስ ፈቃደኛ የሆናችሁ ካላችሁ ስልክ እዚህ አታስቀምጡ፣ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። የሚፈልጉትን አገናኛችኋለሁ።